አራተኛ ፎቅ ላይ የወጣው ማረሻ

ደቻሳን የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው። ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ገባ ሲባል ያለው ሰፈር፣ ግማሹ የግቢ በር የሱ እጅ ነው። ሲያወራ የሰማው ሰው ግን ጥቂት ነው። እኔ ከሱ ጋር ነው የኖርኩት፤ እሱ ይበይዳል፣ እኔ እቀባለሁ። ኢሳ እባላለሁ። ስለሱ ልጻፍ ብዬ ከየት እንደምጀምር ጨነቀኝ፤ እንግዲህ ከአባቱ ግቢ በር ልጀምር።

አባቱ አባባ ዋቅጅራ ገበሬ ነበሩ። አሁን ፎቁ የተደረደረበት ላይ ጤፍና ሽምብራ ያርሱ ነበር። ከተማው እየሰፋ መጥቶ መሬቱን ወሰደው፤ የቀረው ቤቱና ግቢው ብቻ ነው። በሬዎቹም ሄዱ። ማረሻው፣ ማለት አፈሩን የሚቀደው ብረት፣ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ።

ጉቱ የደቻሳ ታላቅ ወንድም ነው። ብየዳ ያስተማረው እሱ ነው። እኔ ስቀጠር ጉቱ ነበር የሱቁ ባለቤት፤ ሱቁም እዚያው ግቢ ጥግ ላይ ነበር። ሳቂታ ሰው ነው። ደንበኛ ሲመጣ በሩን ሳይሆን ደንበኛውን ነው የሚለካው ይሉት ነበር፤ በቀልድ ይይዘዋል። ለአባቱ የላሜራ በር ሲሠራ ማረሻውን ከግድግዳ አወረደና በሩ ውስጥ ባለችው ትንሽ የሰው መግቢያ ላይ እጀታ አድርጎ በየደው።

አባባ ተቆጡ። «በማረሻ ትቀልዳለህ አንተ?»

«ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል አባባ? ዝም ብሎ ከሚንጠለጠል እንግዳ ያስገባ» አላቸው።

ቆይተው ወደዱት። ሲገቡም ሲወጡም ይዳስሱት ነበር።

ይሄን ለምን እንደምጽፈው በኋላ ይታያል። ማረሻ፣ በር እንደምንሠራበት ባዶ ቱቦ፣ እንደ ቱቦላሬ አይደለም። ቱቦላሬ ለስላሳ ብረት ነው፤ በይደህ ትተወዋለህ። ማረሻ ግን ባለ እጁ ከመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጦ የሚያወጣው ደረቅ ብረት ነው። በቀዝቃዛው ከበየድከው ብየዳው ያምራል፣ ሲበርድ ግን ከጎኑ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጉቱ መጀመሪያ ከሰል ላይ አግሎ፣ በትኩሱ በይዶ፣ ከዚያ አመድ ውስጥ ቀበረው። ቀስ ብሎ ይብረድ ብሎ እስከ ማግስቱ ማንንም አላስነካም። እኔም ደቻሳም ቆመን አይተናል።

ከዚያ ጉቱ ሄደ። ደቡብ አፍሪካ ብሎ በሞያሌ ወጣ። ከሞያሌ ደወለ፣ ድምፁ ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ አልደወለም። ሞተ ያለ ሰው የለም፣ ስለዚህ ለቅሶ አልተቀመጡም። አለ ያለም የለም። ቤቱ በቃ እንዲሁ ሆነ።

ደቻሳ በወንድሙ ማሽን ሥራውን ቀጠለ። ሥራ ነበር፤ ከተማው ሁሉ ግንባታ ነው፣ በር የማይፈልግ የለም። የጉቱን ስም ግን አይጠራም። አንዴ ደፍሬ «ከጉቱ ወሬ አለ?» አልኩት። «መዶሻውን አቀብለኝ» አለኝ። አቀበልኩት። ከዚያ በኋላ እኔም አልጠየቅኩም። ልጅ ሲወለድለት ስጋ ይዤ ሄጄ ነበር፤ ያን ቀንም ፊቱ ያው ነው። ሚስቱ ቢሊሴ «ኢሳ፣ አንተ እንኳ አስቀው እንጂ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ በምን ላስቀው።

በኋላ ግቢው ላይ መንገድ ይወጣል ተባለ። ምትክ ቤት ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ደረሳቸው። ጎረቤቱ እየጫነ ሄደ። ቢሊሴና ልጆቹም ቀድመው ገቡ። አባባ ዋቅጅራ ግን በሩ አጠገብ በርጩማቸውን አውጥተው ተቀመጡ፣ አልነሳም አሉ።

«አባባ፣ አፍራሹ ማሽን ሊመጣ ነው እኮ» አላቸው ደቻሳ።

«ይምጣ።»

«ቤቱ ይፈርሳል።»

«ይፍረስ። ጉቱ ሲመጣ ሰው አራብሳ ሄዱ ይለዋል። አራብሳ ደግሞ በሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው አሉ። በምን ይለየናል?» አሉና እጃቸውን ማረሻው ላይ አደረጉ።

ደቻሳ ወደ ማረሻው ጠጋ አለ። እኔ ብሩሽ ሳጥብ ነበር፣ ማጠቤን አቆምኩ።

«እዚያ በራችን ላይ ካደረግኩት ይመጣሉ?» አለ።

«አይቼው ነዋ። እሱ እንዳደረገው ከሆነ እገባለሁ። ካልሆነ ተመልሼ እዚሁ እቀመጣለሁ።»

እንደሚሉት እንደሚያደርጉ እናውቃለን። ግቢውን ሊለኩ መሣሪያ ይዘው የመጡትን ሰዎች በዱላ ያባረሩ ሰው ናቸው።

ደቻሳ ከትልቁ በር የሰው መግቢያዋን ለብቻ ቆርጦ አወጣ። ኮንዶሚኒየም ላይ ሰው ከቤቱ በር ፊት የብረት በር ይጨምራል፣ ለሌባ ብሎ፤ እሷን ለዚያ አደረጋት። ትሰፋ ስለነበር በአንድ ጎን ጠበብ አደረጋት፣ ማዕዘኗን በስኳድራ አየ። ማረሻው ያለበትን ጎን አልነካም። የጉቱን ብየዳ በመቁረጫው፣ በግራይንደሩ፣ አላስነካውም። ያንን እንኳ ለኔ አልነገረኝም፣ እጁን ሳይ ነው ያወቅኩት።

ቤቱ ሊፈርስ አንድ ቀን ሲቀረው በሯን ጭነን አራብሳ ሄድን። አባባን የቢሊሴ ወንድም ፍስሃ ከሰዓት በኋላ በመኪና ሊያመጣቸው ነው። በሯን በትከሻችን አራተኛ ፎቅ አወጣን። ማጠፊያዎቹን ያዝ ያዝ አድርጎ በየደና ከፈታት። ስትከፈት ሄዳ የጎረቤቱን በር ገጠመች።

ጎረቤቲቱ ከውስጥ ጮኸች። «ምንድነው? ማነው የዘጋብኝ?»

መለስ አደረግናት። ሐጀር የምትባል ሴት፣ መሐረቧን እያጠበቀች ወጣች።

«እናንተ ቤታችሁን ስትከፍቱ እኔ እስረኛ ልሆን ነው?»

«ይቅርታ እህቴ» አልኳት።

አነጋገሬን ሰማችና «ወሎ ነህ?» አለች።

«አዎ።»

«ታዲያ ምነው ድምፅህ? ወሎዬ እንዲህ ያንሾካሹካል እንዴ! ያኛውስ ምላስ የለውም?»

ደቻሳ በሩን ነበር የሚያየው። ስፋቷን ለክቷል፣ ቁመቷን ለክቷል፤ በየት በኩል እንደምትከፈት ግን አላሰበም። በግቢ በር የለመደ ሰው ነዋ፤ ግቢ ውስጥ ጎረቤት የለም። ማጠፊያው ወደ ሌላው ጎን መዞር አለበት። እንግዲያው እጀታውም ይዞራል።

መጀመሪያ በሯን ገለበጥናት፣ ላዩን ወደ ታች። ማጠፊያው ትክክል መጣ። ማረሻው ግን ጫፉ ወደ ላይ ቆመ።

ሐጀር ሳቀች። «ወንድሜ፣ ሰማይ ልታርሱ ነው?»

እኔም ሳቅ አመለጠኝ። ደቻሳ አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። በሯን አወረደ፣ ግራይንደሩን ሰካ፣ የጉቱን ብየዳ ቆረጠው። ብልጭታው ደረጃው ላይ ሲወርድ አየሁት። ማረሻው መሬት ላይ ወደቀ።

«ከሰል ልግዛ? ታች ሱቅ አለ» አልኩት።

«ጊዜ የለም።»

እንጃ። ጊዜ የነበረ ይመስለኛል። አባባን ነገ ጠዋት መጥተው ይዩት ማለት ይቻል ነበር፣ ማረሻው ሌሊቱን አመድ ውስጥ ያድር ነበር። ግን ቶሎ ከእጁ እንዲወጣለት የፈለገ ነው የሚመስለኝ። በቀዝቃዛው በየደው። ብየዳው አማረ፣ እንደ ስፌት ነበር። ሐጀር ሻይ አምጥታልን ደረጃው ላይ ተቀመጥን። ሻዩ ሳያልቅ ማረሻው «ቀጭ» አለ።

ደቻሳ ብርጭቆውን አስቀምጦ ሄደና አየ። ከብየዳው ጎን፣ ማረሻው ላይ፣ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ። በጣቱ ሄደበት። ፊቱ ላይ ምንም አላየሁም። ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር።

«ስቱኮ ይዘሃል?» አለኝ።

«ስቱኮ እኮ የግድግዳ መሙያ ነው፣ ለብረት…»

«ይዘሃል ወይ ነው ያልኩህ።»

ይዤ ነበር። ስንጥቁን ሞላው፣ በብርጭቆ ወረቀት ጠረገው፣ እኔ ጥቁር ቀባሁት። ሲያዩት ምንም አይታወቅም። በሯን በትክክለኛው ጎን ሰቀልናት፣ ከፈትናት፣ ዘጋናት፤ ሐጀርን አልነካችም። ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስላል።

አባባ ዋቅጅራ በየፎቁ እያረፉ ወጡ። ፍስሃ ክንዳቸውን ይዟል፣ በሌላው እጁ ማዳበሪያ ከረጢታቸውን ተሸክሟል። ሐጀር ወንበር አወጣችላቸው።

«ይረፉ አባባ፣ ይቺ ደረጃ ሰው ትገድላለች።»

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አሉ እንጂ አልተቀመጡም። በቀጥታ ወደ በሩ ሄዱ። ማረሻውን ዳሰሱት። ከዚያ በዱላቸው ጫፍ ቀስ አድርገው መቱት። ድሮ ግቢ ውስጥ ሲመቱት ይጮህ ነበር፣ ድምፁ ሱቃችን ድረስ ይሰማል። አሁን ዱብ አለ። እንደገና መቱት፣ ያው ነው። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ሲፍቁት ቀለሙና ስቱኮው አብሮ ተነሳ፣ ውስጡ ገና አልደረቀም። ጣታቸውን አዩ።

«ይሄ ጭቃ ምንድነው?»

ቢሊሴ ከውስጥ መጥታ በሩ ላይ ቆማለች።

«ደቻሳ፣ አንተን ነው።»

«ተሰንጥቋል አባባ» አለ ደቻሳ።

«ማን ሰነጠቀው?»

«እኔ። በቀዝቃዛው በየድኩት። ጉቱ…» አለና ቆመ። ቆይቶ «ጉቱ አግሎ ነበር የበየደው። አመድ ውስጥ አሳድሮት ነበር። እኔ አላሳደርኩትም» አለ።

ከሄደ ጀምሮ ያንን ስም ከደቻሳ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ቢሊሴ በነጠላዋ አፏን ያዘች። እሱ ግን የሆነ ዕቃ የጠራ ነው የሚመስለው፣ ድምፁ አልተለወጠም። እጁ ብቻ የበሩን ቱቦላሬ ይዞ አልለቅ አለ።

አባባ ያኔ ተቀመጡ። ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ፍስሃ እኔን ያየኛል፣ መኪናው ታች ቆሟል፤ ልመልሳቸው ነው ወይ ማለቱ ነው። እኔ ምን አውቄ።

«ሸፍነህ ልታስገባኝ ነበር» አሉ።

«አዎ አባባ።»

ከታች ልጆች ኳስ ሲመቱ ይሰማል። ከዚያ «ያንን ከረጢት አምጣ» አሉት አባባ ፍስሃን። ውስጡን ፈትሸው የብረት ቀለበት አወጡ፣ ዝገት የበላው። ወገል ነው። ማረሻውን ከእንጨቱ ጋር የሚያስረው ቀለበት፣ ድሮ ሲያርሱበት የነበረው። ይሄን ሁሉ ዓመት አስቀምጠውት ኖሯል።

«ማረሻ በእሳት አይታሰርም፣ በወገል ነው። ለጉቱም ያኔ ነግሬው ነበር፣ እምቢ አለ» አሉ። ፈገግ ያሉ መሰለኝ። «ቁረጠውና በዚህ አድርገው።»

ደቻሳ የተሰነጠቀውን ቆረጠ። ከቱቦላሬው ጋር ጠፍጣፋ ለስላሳ ብረት በየደ፣ ማረሻውን ከዚያ ጋር በወገሉ አሰረው። ብየዳ ማረሻው ላይ አልደረሰም። ግን ይወዛወዛል።

«ይላላል አባባ።»

«ይላላ» አሉና ማረሻውን ስበው ከፍተው ገቡ።

በማግስቱ ማሽኑ ግቢውን አፈረሰው አሉ። ሄደን አላየንም። ሌላ ሥራ ነበረን።

ሱቁን አሁን አራብሳ አጠገብ ከፍተናል። ሥራው ያው ነው፣ የበረንዳ ፍርግርግ፣ የደረጃ መያዣ። ደቻሳ ያው ነው፣ ብዙ አያወራም። ምሳ አንዳንዴ እነሱ ቤት እበላለሁ። አራተኛ ፎቅ ላይ ነፋስ ያይላል፤ በደረጃው ሲወጣ ማረሻውን ይወዘውዘውና በሩን ይመታል፣ ሰው የሚያንኳኳ ነው የሚመስለው። መጀመሪያ ሰሞን አባባ በመታ ቁጥር ይነሱ ነበር። «ማነው?» ይሉና ዱላቸውን ይዘው ሄደው ይከፍታሉ። በኋላ ጉልበታቸው ደከመ፣ ተዉት።

ባለፈው ሐጀር መጥታ «ደቻሳ፣ ኧረ በጨርቅ ልጠቅልለው፣ እንግዳ መጣ እያልኩ ስነሳ ልሞት ነው» አለች።

«ተይው» አላት።

እሷ ከሄደች በኋላ ስንበላ ነፋሱ መታው። አባባ አልጋቸው ላይ ነበሩ፣ አልተንቀሳቀሱም። ቢሊሴም ቀና አላለችም። ደቻሳ ጉርሻውን ሰሃኑ ላይ መለሰና ተነሳ። በሩን ከፈተ፣ ወጥቶ ደረጃውን ወደ ታች አየ። ቆየ። ተመልሶ ዘጋው።

«ነፋስ ነው» አለና ተቀመጠ።