የመግቢያ ፈተናው ዋዜማ

የታሰርንበት ክፍል ድሮ የቡና መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት የሽንት ሽታ ፊቴን መታኝ ብል ሰው ቶሎ ያምነኛል፤ የእስር ቤት ወሬ እንደዚያ ነው የሚጀምረው። እኔን የመታኝ ግን የጀንፈል ሽታ ነው። ለዓመታት ደረቅ ቡና የተከማቸበት ክፍል ቢታጠብም ሽታው አይለቀውም። ሲሚንቶው ላይ ሴቶች እግራቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል። ከመካከላቸው አንዷ ጠጋ አለችና በኦሮምኛም በአማርኛም "ኮቱ፣ ነይ፣ እዚህ ቦታ አለ" አለችኝ።

ከጅማ ብዙ በማትርቅ የቡና ከተማ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ሁለተኛ ዓመቴን የያዝኩ ነርስ ነበርኩ። ጥፋቴ ፖሊስ ይፈልገው የነበረን ሰው ቁስል መስፋቴ ነው። ማን እንደሆነ፣ ማን እንዳቆሰለው አልጠየቅኩም፤ እኛ ቁስል ስንሰፋ የምንጠይቀው የቴታነስ ክትባት መውሰዱን ብቻ ነው። የዚያን ቀን የተረኞቹ ኃላፊ የነበረችው ሲስተርም አብራኝ ተያዘች። በሥራም በዕድሜም በጣም ትበልጠኛለች። ሥራ ያስለመደችኝም እሷ ናት።

ከመያዜ በፊት ለማስተርስ አመልክቼ ነበር። የመግቢያ ፈተናው ጅማ ነው፤ ቀኑ እየቀረበ ነበር። ከምርመራው ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ለሲስተር ስነግራት ሳቀችብኝ።

"ደም ሥር ስትፈልጊ እጅሽ እየተንቀጠቀጠ ምን አስቸኮለሽ?"

"አሁን ያልሄድኩ መቼ ልሄድ ነው? አግብቼ፣ ወልጄ?"

"ጥቂት ዓመት ሥሪ። በሽተኛ ይግባሽ። ከዚያ ትማሪያለሽ።"

"አንቺስ ለምን ሳትማሪ ቀረሽ?"

"እኔማ ሁሌ ለከርሞ ስል ነው" አለች። "መጀመሪያ ልምድ ላግኝ አልኩ፣ ቀጥሎ ልጆቹ መጡ፣ ቀጥሎ እናቴ ታመመች። ቢሆንም የነገርኩሽ እውነት ነው።"

በየቀኑ ያንኑ እያነሳን እንከራከር ነበር። ጊዜ ይገፋልናል። ማናችንም አልተሸነፍንም።

ከእኛ ጋር አንዲት እናት ታስረው ነበር፣ እማማ እንላቸዋለን። ቡና ነጋዴ ናቸው። ልጃቸው የት እንደገባ አልናገርም ብለው ነው የታሰሩት። ስኳር አለባቸው፤ ያለ ኢንሱሊን መዋል አይችሉም፣ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ደግሞ ራሳቸውን መውጋት አይችሉም። መድኃኒቱ እንዳይሞቅ ፖሊሶቹ ቢሮ፣ ውሃ ያለበት ገንቦ ውስጥ ይቀመጣል። ጠዋትና ማታ ሲስተር አስመጥታ ትወጋቸዋለች። ምግባቸው ከቤት መጥቶ በዓይኗ ሳታየው ግን መርፌውን አትነካም።

አንድ ጠዋት ሲስተርን ወደ ጅማ ሊያዛውሯት ጠሯት። ፖሊሱ በሩ ላይ ቆሞ እያጣደፋት፣ እጄን ይዛ እማማ አጠገብ አቆመችኝ። ስንት እንደምትወጋቸው፣ ማታ እንዴት እንዳደሩ፣ ምን እንደሚያሰጋት፣ እሳቸው እየሰሙ አንድ በአንድ ነገረችኝ። ዋርድ ላይ ተራ ስንቀያየር የምናደርገው ነው። ነርስ የሚቀበላት ሳታገኝ በሽተኛዋን ትታ አትሄድም፤ ተተኪዋ ከቀረች እዚያው ታድራለች። "ተቀብያለሁ" አልኳት። ነጠላዋን አንስታ ወጣች።

በፈተናው ዋዜማ፣ ረፋድ ላይ፣ የጣቢያው ኃላፊ መጥቶ "ተፈትተሻል፣ ዕቃሽን ያዢ" አለኝ። መኪናቸው በዚያው ሰዓት ወደ ጅማ ሊሄድ ነው፤ ይዞኝ ይሄዳል። በዚያ ሰሞን በጸጥታው ምክንያት ከሰዓት በኋላ መንገዱ ላይ መኪና አይንቀሳቀስም ነበር። ይህን ካገኘሁ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር፣ አክስቴ ቤት አድሬ ጠዋት ፈተናዬ ላይ እደርሳለሁ። ካመለጠኝ አለቀ።

ተነሳሁ። እማማን አየኋቸው። ሴቶቹን አየኋቸው፤ መርፌ የመያዝ ድፍረት ያላት አንድም አልነበረችም። በሥርዓት የምታናግረን አንዲት ወጣት ፖሊስ ነበረች፣ የምትገባው ግን ከሰዓት ነው፤ አድራ ጠዋት ትወጣለች።

"የከሰዓቷ ፖሊስ እስክትመጣ ልቆይ" አልኩ።

"ምን አልሽ?"

"በሽተኛ ይዣለሁ። ሳላስረክብ አልወጣም።"

"ሆስፒታል መሰለሽ እንዴ?"

"አልመሰለኝም። እሳቸው ግን ታመዋል።"

እማማ ቀሚሴን ያዙኝ። "ወላሂ ሂጂ፣ ልጄ። እኔ አላህ አለልኝ።"

ኃላፊው ትከሻውን ነቀነቀ። "ያንቺ ጉዳይ" ብሎ በሩን ቆለፈው። ትንሽ ቆይቶ መኪናው ሲነሳ ሰማሁ። ጀግንነት የሚባል ነገር አልተሰማኝም። ተናደድኩ፤ በእማማ፣ በሲስተር፣ ከሁሉም በላይ በራሴ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተቀመጥኩ።

ፖሊሷ ስትመጣ ነገርኳት። "እኔ እኮ ነርስ አይደለሁም" አለች።

"እንድትሆኚ አልጠየቅኩሽም። እነዚህን ሦስት ነገሮች ብቻ ያዢልኝ።"

እማማ አጠገብ አቆምኳት። መርፌው ላይ የቱ መስመር ድረስ እንደምትስብ አሳየኋት። ምግባቸው ሳይገባ እንዳትወጋ፣ ካላባቸውና ንግግራቸው ከተዘባረቀ ቶሎ ስኳር የበዛበት ሻይ እንድትሰጣቸው ነገርኳት። የማታ ምግባቸው ሲመጣ እሷ ወጋች፣ እኔ ቆሜ አየሁ። ከዚያ ያልኳትን ሁሉ እንድትደግምልኝ ጠየቅኳት። ደገመችልኝ፤ ከዚያም ወደ እማማ ዞራ በኦሮምኛ ነገረቻቸው።

"ተቀብያለሁ በይኝ" አልኳት።

"ተቀብያለሁ" አለች። ከሴቶቹ አንዷም አልሳቀችም።

በማግስቱ ተለቅቄ ጅማ ስደርስ ተፈታኞቹ ወጥተው ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ሳመለክት የታሰረች ናት ተብዬ መሥሪያ ቤቴ ድጋፍ ከለከለኝ። ከዚያ በኋላ በነበረው ዓመት ደግሞ ለመጠየቅም ሰለቸኝ። እማማ በደህና ተፈትተው ቤታቸው ገቡ። ሲስተርም ተፈታለች፣ ግን ወደ ሥራ አልተመለሰችም። ስለ ትምህርት ዳግመኛ ስታነሳ አልሰማኋትም። እኔ በመጨረሻ ተማርኩ። ልምድ ኖሮሽ ስትማሪ ይገባሻል የሚሉት እውነት ነው፤ ክፍል ውስጥ የሚወራው በሽተኛ ሁሉ የማውቀው ሰው ይመስለኝ ነበር። ግን ደክሞኝ ነው የተማርኩት። መጽሐፍ ላይ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር፣ ይህን ማንም አይነግርሽም።

አሁን ጅማ ነው የምሠራው። ዘንድሮ አብራኝ የምትሠራ አንዲት አዲስ ነርስ መቼ ላመልክት ብላ ጠየቀችኝ። ሌሎቹ ገና ነሽ፣ ቆዪ ብለዋታል። ሲስተር ያለችኝንም፣ እኔ ያልኳትንም ሳልደብቅ ነገርኳት።

"እሺ፣ እና የትኛችሁ ናችሁ ልክ?" አለችኝ።

"አላውቅም" አልኳት። "አንቺ ግን ዘንድሮ አመልክቺ።"

ፈተናዋ የዋለው በተረኛነቷ ቀን ነበር። እኔ የሌሊት ተረኛ ሆኜ አድሬ ለመውጣት ልብሴን እየቀየርኩ ነበር። ጋወኑን መልሼ ለበስኩና በእሷ ተራ ገባሁላት።