የወንድሜ ጉልበት ሲለካ

ታናሽ ወንድሜ አንጋጫ ገበያ ላይ ጆንያ ሲያራግፍ ከመኪና ወደቀና የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ወጌሻ ቢያሸውም አልዳነም። ሆሳዕና እኔ የቀዶ ሕክምና ዕቃ በምቀቅልበት ሆስፒታል አንድ ፈረንጅ ሐኪም ከራሱ ከወንድሜ ጭን ጅማት ወስዶ በተበጠሰው ቦታ አበጀለት።

መለኪያዎቹን የቀቀልኩት እኔ ነኝ። የጅማቱ ውፍረት የሚለካበት ባለ ቀዳዳ ብረት አለ። የአጥንቱን ጥልቀት የሚለካ ቀጭን ዘንግ አለ። ደግሞ እንደ መቀስ የሚከፈት፣ ጉልበት ምን ያህል እንደሚታጠፍ የሚናገር ባለ ቁጥር ማስመሪያ። ላያቸው ላይ ያለው ጭረት ለእኔ ምንም ማለት አልነበረም። ጎልማሳ ሆኜ መሠረተ ትምህርት ገባሁና ቁጥሩ ሲገባኝ አበድኩ። የሱቅ ሰሌዳ፣ የመድኃኒት ጠርሙስ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ክፍላችን እንደዚያ ነበር። ቀድሞ ላነበበ ይጨበጨባል፤ ሌላውን ላረመ ደግሞ ይበልጥ።

ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። ምርመራው እኛው ዘንድ ነው። ጉልበቱ በደንብ የማይታጠፍ ከውትድርናው ይቀራል።

የሚመረምረው ድሬሰር የጉራጌ ሰው ነው፤ ትልቅ ሰው፣ ዝምተኛ። ወንድሜን አስተኝቶ እግሩን አጠፈና ማስመሪያውን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ስልሳ» አለ።

ዕቃ ላቀብል ከጎኑ ቆሜያለሁ። ዓይኔ ቁጥሩ ላይ አረፈ።

«ኧረ ጋሼ፣ መቶ ሃያ ነው እኮ የሚለው!»

 ምርመራውን ሊቆጣጠር በር ላይ የቆመው ካድሬ መጣና ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ አጨበጨበ።

«ጎበዝ ጓድ! የመሠረተ ትምህርት ፍሬ ይሉሃል ይኼ ነው! አንተ ጓድ ድሬሰር ግን መነጽር ሳያስፈልግህ አይቀርም።»

«ብርሃኑ አሳስቶኝ ነው» አለ ድሬሰሩ። እኔን አላየኝም።

ወንድሜ ከአልጋው ቀና ብሎ በእናታችን ቋንቋ «አንተ ሰው፣ ምን በደልኩህ?» አለኝ። እኔ ደንቆሮው በጭብጨባው ገና ፈገግ እንዳልኩ ነበርኩ።

ምልምሎቹን መኪና ላይ ሲጭኗቸው ወንድሜ ለማነከስ ሞከረ። ካድሬው ሳቀበት።

«ተው እንጂ! ወንድምህ አንብቦልናል እኮ።»

ማነከሱን ተወ። የተበጀውን እግሩን አስቀድሞ ጉልበቱን አጥፎ ወጣ። ጥሩ ይታጠፋል። ፈረንጁ ቢያይ ደስ ይለው ነበር።

ከሄደበት አልተመለሰም።

ሰው ሊያጽናናኝ «ባታነብም አይቀርለትም ነበር» ይለኛል። ውሸት ነው። ከእሱ በፊት የገባውን ደህና ጉልበት ያለው የዳምቦያ ልጅ ድሬሰሩ በዚያው ማስመሪያ «ስልሳ» ብሎ አስቀርቶታል። ያን ጊዜ እኔ ውሃ ላፈላ ወጥቼ ነበር። ልጁ ዛሬ የልጆች አባት ነው። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ቆሞ ስለ ጤንነቴ ይጠይቀኛል።