ቪፒኤን ስመርጥ ያመለጠኝ ሐሙስ

ባለፈው ሳምንት ዳንግላ በምሠራበት ቢሮ፣ አዲስ ላፕቶፕ የገዛች ባልደረባዬ ወንበሯን ወደ እኔ ጠጋ አድርጋ፣ «ሙሉ፣ አንቺ ኮምፒውተር ተምረሻል፤ የትኛውን ቪፒኤን ልጫን? ብዛቱን አይቼ ግራ ገባኝ» አለችኝ።

«እጅሽ ላይ ያለውን ጫኚ!» አልኋት፣ ጥያቄዋን ሳትጨርስ።

ድምፄ ቁጣ ቁጣ ሳይለው አልቀረም፤ ቅር ብሏት ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ሥራ አልሠራሁም። ከሰዓቱን ሙሉ የመስኮቱን መስታወት የሚያጥበውን ዝናብ እያየሁ ዋልሁ፤ ስሸሸው የኖርሁት የእንጅባራ ክረምት መጣብኝ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በኮምፒውተር ተመርቄ፣ ሥራ አጥቼ፣ አባቴ ቤት ተቀምጫለሁ። ወንድሜ ባሕር ዳር ሲገባ ትቶልን የሄደ አሮጌ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ነበረን። አባቴ የነጠላ ቁራጭ አልብሶት፣ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ይገልጠዋል። የእንጅባራን ክረምት የማያውቅ ሰው ብርዱን በወሬ አይረዳውም። ጉሙ ከተራራው ወርዶ ደጃፍ ላይ ይተኛል፤ የታጠበ ልብስ ሳምንት ሙሉ አይደርቅም፤ ሰው ሁሉ የተቀቀለ ድንች በእጁ እያገላበጠ ጣቱን ያሞቃል።

ያን ድንች የምናገኘው ከጎረቤታችን ከእማማ የሻረግ ነበር። ባላቸው የሞተባቸው፣ ከከተማው ጠርዝ ትንሽ መሬት ያላቸው፣ ከእናታቸው ጋር በአዊኛ ከእኛ ጋር በአማርኛ የሚያወሩ፣ ድንች እየሸጡ አንድ ልጃቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ልጃቸው ደሳለኝ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አብሮኝ ተምሯል። ፈተናው ሳይሳካለት ሲቀር ሁለት ዓመት የቀን ሥራ ሠራ፤ አንድ ጧት በመተማ በኩል ሱዳን ገባ። እዚያም አልቀናውም። ስልኩን ሳይቀር ሸጦ፣ መደወሉ ስለሚወደድበት በሰው ስልክ እየገባ በማኅበራዊ ገጽ ይጽፍልኝ ነበር፤ እኔም ስልኬ ኢንተርኔት ስለማያስገባ በዚያ ኮምፒውተር ከፍቼ ለእናቱ አነብላቸዋለሁ። እማማ ፊደል አልቆጠሩም። ሲያዳምጡ ዓይናቸውን ከኮምፒውተሩ ላይ አይነቅሉም ነበር፤ ልጃቸው ከዚያ ውስጥ ብቅ የሚል ይመስላቸው ነበር መሰለኝ።

በዚያ ክረምት አንድ እሑድ ገጹ በመላ አገሪቱ ተዘጋ። ሌላው ይሠራል፤ መልእክት የምንለዋወጥበት ብቻ እንቢ አለ። ሰኞ ጧት እማማ ላስቲክ ተከናንበው ከደጅ ቆሙ።

«ደሳለኝ ጻፈ ወይ ልጄ?»

«ገጹ ተዘግቷል እማማ። የሚከፍት ፕሮግራም አለ፤ ኮምፒውተሩን ሌላ አገር ያለ አስመስሎ አዙሮ የሚያስገባ። እሱን እጭናለሁ።»

«እንግዲያው አደራሽን ቶሎ በይ። ባለፈው ድምፁ ከፍቶብኛል።»

ድምፅ አልነበረም፤ ጽሑፉን ያነበብሁት እኔ ነኝ። ግን የሚሉት ገብቶኛል።

ያንኑ ዕለት ፀጉር ቤት ያላት ጓደኛዬ ብርቱካን መጣች። ከቦርሳዋ ፍላሽ አውጥታ፣ «ቪፒኤን ይኸውልሽ። ነጻ ነው፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅብሽም» አለች።

ሳቅሁባት። «ነጻ የሆነ ነገር በምን ይተዳደራል? የምትጽፊውን እያነበበ የሚሸጥ እኮ ነው።»

«የኔን ምን ብሎ ይሸጠዋል? የሹሩባ ወሬ ነው?»

ፍላሹን መለስሁላት። የተናገርሁት ውሸት አልነበረም፤ በትምህርት ቤት የሰማሁት ነው። ነገር ግን ዛሬ ልቤን ስመረምረው ጥንቃቄ ብቻ አልነበረም። አራት ዓመት ተምሬ አንድም ሰው ያልጠየቀኝን እውቀት አንዴ በደንብ ላሳየው ፈልጌ ነበር። ደብተር አውጥቼ ሰንጠረዥ አሰመርሁ፤ የቪፒኤኖቹን ስም፣ ፍጥነታቸውን፣ የተጠቃሚውን መረጃ ይያዙ አይያዙ፣ መቀመጫቸው የት አገር እንደሆነ። ሰኞን በዚህ ጨረስሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር።

ማክሰኞ ከሁሉ ይሻላል ያልሁት የውጭ አገር የባንክ ካርድ ጠየቀኝ። በእኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ካርድ በዓይኑ ያየ ሰው የለም። ረቡዕ ሁለተኛውን ማውረድ ጀመርሁ፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ ኔትዎርኩ ይቆረጣል፣ እንደገና ከዜሮ። ሦስት ጊዜ ሞከርሁት፤ በአራተኛው መብራት ሄደ። እማማ በየቀኑ እየመጡ፣ «ተከፈተ ወይ?» ይላሉ። «ነገ እማማ፣ ነገ» እላለሁ። የሚመጡት ባዶ እጃቸውን አልነበረም፤ ትኩስ ድንች በጨርቅ ጠቅልለው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ። ሥራ ለሚሠራላቸው ሰው የሚሰጥ ምሳ መሆኑ ነው።

ሐሙስ ጧት በሚኒባስ ዳንግላ ሄድሁ። አንድ ኮምፒውተር ቤት ፕሮግራሙ እንዳለ ሰምቼ ነው። ዝናቡ አባርቶ ሜዳው በአረንጓዴ ያብረቀርቃል፤ መንገድ ዳር የተጠበሰ በቆሎ ገዝቼ እየበላሁ፣ ሹፌሩ ከከፈተው ዘፈን ጋር እያንጎራጎርሁ ሄድሁ። ያን የበቆሎ ሽታ ዛሬ አልችለውም። በቆሎዬን ስበላ የነበርሁባትን ሰዓት በኋላ ከሌላ ሰዓት ጋር ስላስተያየኋት ነው።

ፕሮግራሙን አገኘሁ፤ ተደስቼ ተመለስሁ። ዓርብ ስጭነው ኮምፒውተሩ እርጅናው አልፈቀደለትም። አንድ ጊዜ «ለዚህ ኮምፒውተር አይሆንም» የሚል ጽሑፍ አወጣና ዝም አለ። ከሰዓቱን የቻልሁትን ሁሉ ነካካሁ፤ አልሆነም።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ደብተሬን ዘግቼ፣ አንገቴን ደፍቼ ብርቱካን ፀጉር ቤት ሄድሁ። ፍላሹን አውጥታ ሰጠችኝ። ቤት ገብቼ ጫንሁት። አሥር ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ገጹ ተከፈተ።

እማማ ከኋላዬ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከደሳለኝ ሦስት መልእክት ነበረ።

የሰኞው እንዲህ ይላል፦ «ለእማዬ ንገሪልኝ። ሐሙስ ጧት በበረሃው ወደ ሊቢያ እንነሳለን ብለውናል። ልቤ አልወደደውም። እማዬ ቅር ካላት እቀራለሁ፣ እዚሁ ሥራ እፈልጋለሁ። እሷ ያለችውን ቶሎ ጻፊልኝ።»

የረቡዑ፦ «ምነው ሙሉ? ዝም አላችሁኝ።»

የሐሙሱ፦ «ተጠርተናል፣ ልንወጣ ነው። ዝም ያላችሁት ሂድ ስትሉኝ ነው ብዬ ይዤዋለሁ። ደህና ሁኑ።»

«አንብቢልኝ እንጂ» አሉ እማማ።

ዘወር ብዬ አየኋቸው። ላስቲኩን አውልቀው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈዋል። ስለ እሳቸው አዝኜ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ግን መጀመሪያ የፈራሁት ለራሴ ነው። ቀኑን ቢሰሙ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጡልኝን ድንች ሁሉ የሚቆጥሩብኝ መሰለኝ።

«ደህና ነው ይላል» አልሁ። «ሰላም በይልኝ፣ አታስብ ይላል። ስለ ሊቢያ የሚያወሩ አሉ፣ እኔ ግን አልወሰንሁም ይላል።»

«መቼ ነው የጻፈው?»

«ትናንት።»

እማማ ተነሥተው ወደ ኮምፒውተሩ ተጠጉ፤ ለልጃቸው በጆሮው የሚነግሩት ይመስል ጎንበስ አሉ። «እንግዲያው ጻፊ። ያን በረሃ የሚሉትን እንዳይሞክራት። ባለበት ይቆይ፣ ባይሆን ወደ ቤቱ ይመለስ። መሬቷ ለሁለታችን አታንስም። እናትህ ብላለች በይው። ጻፍሽ?»

«ጻፍሁ» አልሁ። ቃል ሳላስቀር ጽፌው ነበር። ላክሁት። ደርሷል የሚለው ምልክት አልመጣም። እሑድም አልመጣም፤ በወሩም አልመጣም። ለእማማ ግን ይህን አልነገርኋቸውም።

ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ ከሱዳን የተመለሰ፣ የቅርባችን ከተማ የጥሊሊ ልጅ እማማ ዘንድ መጣ። ደሳለኝ ከሌሎች ጋር በጭነት መኪና ወደ በረሃው መውጣቱን ነገራቸው። ከዚያ ወዲያ ያየው የለም። ሞተ የሚል አልመጣም፣ አለ የሚልም አልመጣም። ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ያላዩትን ሬሳ እንዴት ያለቅሱታል?

እኔም ዳንግላ ሥራ አገኘሁ፤ አገባሁ፤ ወለድሁ። እንጅባራ ስሄድ እሳቸውን ሳልጠይቅ አልመለስም። በቅርቡም ሄጄ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ለዩኝ። እጄን ይዘው ሳሙኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ስንጨዋወት ቆየን፤ ድንገት፣ «አንቺስ ቃሌን አድርሰሽልኛል፣ እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። «እሱ ነው እንጂ። ቆይ ብዬው፣ ተመለስ ብዬው፣ ሰምቶ ሄደ። እንቢተኛ ልጅ ነው የወለድሁት፣ ሙሉዬ። ስጸልይለት እንኳ መጀመሪያ እቆጣውና ነው።»

መናገር ያለብኝ ያኔ ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር። ብናገር ታዛዥ ልጃቸውን እመልስላቸዋለሁ፤ በዚያው ቅጽበት ግን አንድ ቃላቸው ሊያስቀረው ይችል እንደነበር ይሰማሉ። የትኛው እንደሚብስ ዛሬም አላውቅም፤ ወይም አላውቅም ማለት ይቀለኛል። «ይመጣል እማማ» አልሁና ተነሣሁ።

ደሳለኝ እንቢ አላለም። እናቱን ጠይቆ ሦስት ቀን ጠብቋል። ይህን ከእሱ ሌላ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ፤ እሳቸው ግን እየተቆጡት እያረጁ ነው።