የጊንጡ ቀለበት

የባሌ እናት ጊንጥ የተቀረጸበት የወርቅ ቀለበት ነበራቸው። ነበራቸው ስል ቀለበቱ ጠፍቶ አይደለም፤ የጠፋው ጊንጡ ነው።

ሁላችንም «ኡሚ» ነው የምንላቸው። መካ፣ ዓዚዚያ ውስጥ ከእናታቸው የወረሱት ቤት አላቸው፤ ምድር ቤቱን በሐጅ ወቅት ለሑጃጅ ያከራያሉ፣ ፎቁ ላይ እሳቸው ይኖራሉ። ቀለበቱም የውርስ ነው። ሴት አያታቸው ከወሎ ለሐጅ መጥተው እዚያው ቀርተዋል። በቤተሰቡ ወሬ እኚህ አያት የትልቅ ቃዲ ልጅ ናቸው፤ ቀለበቱንም አባታቸው ቃዲው ከመርዝ ሁሉ እንዲጠብቃቸው ብለው ሰጧቸው ይባላል። ቅርጹ በዘመን ብዛት ተበልቷል። መቆንጠጫ የሚመስሉ ሁለት ነገሮች ብቻ በደንብ ይታያሉ፤ የቀረውን ጊንጥ እያንዳንዱ ሰው በሐሳቡ ይጨርሰዋል።

ኡሚ ቀለበቱን ለጌጥ ብቻ አያደርጉትም ነበር። ሰው ሲታመም ቢስሚላህ ብለው የዘምዘም ውሃ ውስጥ ይነክሩታል፣ ያማስሉታል፣ ከዚያ በሽተኛው ይጠጣል። መድኃኒትነቱ መጀመሪያ ለጊንጥ ንድፊያ ነበር አሉ። ዓዚዚያ ፎቅ በፎቅ ሆና ጊንጥ ሲጠፋ ወደ ሆድ ቁርጠት፣ ወደ ራስ ምታት፣ ወደ ወገብ ተዛወረ። አንድ ዓመት ከምድር ቤት ተከራዮች አንዱ ማንጎ አብዝቶ ሆዱን ሲታመም አጠጡትና ተሻለው። በማግስቱ ከነጓደኞቹ ደረጃው ላይ ተሰልፎ ጠበቃቸው፤ ከሰልፈኞቹ አብዛኞቹ ምንም የሚያማቸው ነገር አልነበረም።

እኔ ወደዚህ ቤተሰብ የገባሁት በሥራ በኩል ነው። ጅዳ፣ ጃሚዓ ሰፈር ሰው ቤት እሠራ ነበር፤ የኡሚ ልጅ ደግሞ የማዳሜን ልጆች ትምህርት ቤት የሚያመላልስ ሹፌር ነበር። ሲያገባኝ ኡሚ አልከለከሉም። ግን እንግዳ ሲመጣ «የልጄ ሚስት ናት፣ የወሎ ልጅ ናት» ይሉና፣ «በምን ተዋወቁ?» የሚል ጥያቄ ከመጣ ወጥ ቤት የረሱት ነገር ትዝ ይላቸዋል። የቃዲ ዘር የቤት ሠራተኛ፣ በዚያ አገር አጠራር ኸዳማ፣ ማግባቱ ትንሽ ከብዷቸው ነበር።

ነገሩን ያነሣችው የባሌ እህት ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የዲን፣ የሃይማኖት ትምህርት ተምራለች፤ እዚያው ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋን በዐረብኛ እየደገፈች ነው የምትናገረው። አንድ ጁምዓ ምሳ ላይ ኡሚ ለጎረቤት በሽተኛ ቀለበቱን ሲያማስሉ አየችና ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ኡሚ፣ ይሄ አይሆንም። ጊንጡ ነፍስ ያለው ነገር ሥዕል ነው፤ ክልክል ነው። በዚያ ላይ ከቀለበት ሽፋእ፣ ፈውስ መጠበቅ ሽርክ ነው፤ በአላህ ማጋራት ነው። ኸላስ፣ ይጥፋ።»

«ጊንጥ ደግሞ ምን ነፍስ አለው» አሉ ኡሚ።

«ነፍስ ባይኖረው መች ይናደፍ ነበር?»

ኡሚ ጥቂት አሰቡና ሌላ መንገድ ሞከሩ። «ውስጡ ጽሑፍ አለው እኮ። የአላህ ስም ቢሆንስ?»

እውነትም በቀለበቱ ውስጠኛ ጎን ትንንሽ ፊደላት ተቀርጸዋል። ዐረብኛ አይደሉም፤ እንግሊዝኛም አይደሉም። ኡሚ ቀለበቱን አውልቀው ወደ እኔ ገፉት።

«አንቺ የሐበሻ ፊደል ታውቂ የለ? እስቲ አንብቢው።»

መስኮቱ ጋ ወስጄ አየሁት። አንዱ «ሀ»ን ይመስላል፣ አንዱ «በ»ን፣ አንዱ «ቀ»ን። የቀሩት በፒንሳ የተጣመመ ሽቦ ይመስላሉ።

«ሀ፣ በ፣ ቀ የሚሉ አሉበት» አልኩ።

«እና ምን ማለት ነው?»

«ምንም ማለት አይደለም፣ ኡሚ።»

«እስከ ስንተኛ ክፍል ነው ተምሬያለሁ ያልሽው?»

«እስከ ዐሥረኛ።»

«በዐሥረኛ ክፍል ይሄ አይነበብም እንዴ?» ብለው ቀለበቱን ወደ ጣታቸው መለሱት። ባሌ ሩዙ ላይ አቀርቅሯል፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከብዙ ክርክር በኋላ ጊንጡ በሞረድ እንዲፋቅ፣ ወርቁ ግን እንዲተርፍ ተስማሙ። ባሌ ሁላችንንም ጅዳ ወርቅ ገበያ ወሰደን። ኡሚ መንገዱን ሙሉ ቀለበቱን በመሐረብ ጠቅልለው፣ ሞት የተፈረደበት ዘመድ እንደሚሸኝ ሰው በሁለት እጃቸው ይዘውት ነበር።

አንጥረኛው ከሐለብ የመጣ ሽማግሌ ሶሪያዊ ነው። «ጊንጡን ፋቅልን» አለው ባሌ። ሰውየው ማጉያ መነጽሩን ዐይኑ ላይ ሰክቶ ቀለበቱን አገላበጠ።

«የቱን ጊንጥ?»

ኡሚ ጣታቸውን ሰደዱ። «ይኸውና፣ መቆንጠጫዎቹ።»

«ሐጃ፣ እነዚህ ጣቶች ናቸው» አለ ሰውየው ረጋ ብሎ። «ሁለት እጆች ተጨባብጠው ነው። ይሄ የወንዱ እጅጌ ነው፣ ይሄ የሴቷ። የቃል ኪዳን ቀለበት ነው፤ ሰዎች ሲተጫጩ የሚያስሩት።»

ማጉያውን ተቀባብለን አየን። እጆች ናቸው። አንዴ ከታዩ በኋላ ጊንጡን መልሶ ማግኘት አልተቻለም። ኡሚ ከሁላችን በላይ ብዙ ቆይተው አዩና ማጉያውን መለሱ።

«ያን ሁሉ ሰው እጅ ነው ያጠጣሁት?» አሉ።

ሰውየው ውስጡን ሲያይ ፈገግ አለ። ልጅ ሆኖ ሙያውን የተማረው ሐለብ ውስጥ ከአንድ አርመን አንጥረኛ ስለነበር ፊደሉን ያውቀዋል። ጽሑፉ አርመንኛ ነው። ፊደል በፊደል እየጠራ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ስም አነበበ፤ ሁለቱም በእኛ ቤት ተሰምተው አያውቁም። መጨረሻ ላይ አንድ ቃል ቀረች።

«ሐ… ረ… ር። ይሄን አላውቀውም። ሰው ነው?»

«አገር ነው» አልን እኔና ባሌ እኩል።

ድሮ አገራችን ውስጥ አርመን አንጥረኞች እንደነበሩ ሰምቼ ስለማውቅ ነገርኳቸው። የባሌ እህት በበኩሏ ለብቻው የተቀረጸ እጅ ነፍስ ስለሌለው ቀለበቱ መፋቅ እንደማያስፈልገው፣ ውሃው ግን እንደተከለከለ እንደሚቆይ ወሰነች። ኡሚ አልሰሟትም። የአርመን እጮኞች ቀለበት የቃዲ ልጅ ጣት ላይ እንዴት እንደገባ ነበር የሚያሰላስሉት። መኪናው ውስጥ ስንገባ መልሱን አገኙት፤ ቃዲው አርመኖችን አስታርቀው በስጦታ ያገኙት መሆን አለበት።

ለማረጋገጥ እዚያው ጅዳ፣ ሩዋይስ ሰፈር ወደሚገኘው ወደ አክስታቸው ቤት ሄድን። አክስትየው የእኚያ አያት የመጨረሻ ልጅ ናቸው። ስለ ቀለበቱ እሳቸውን የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ ጆሯቸው ስለከበደ ከእሳቸው ጋር ማውራት ፎቁን ሙሉ ማነጋገር ነው። ኡሚ ጆሯቸው ሥር ገብተው ጮኹ።

«ይሄ ቀለበት ከማን የመጣ ነው?»

«ከማዳሟ ነዋ።»

«የማን ማዳም?»

«የእማዬ። ከወሎ ሐረር ሄዳ የአርመኗ ቤት ስትሠራ። ልብስ ታጥባለች፣ ልጅ ታዝላለች። ሴትዮዋ ባሏ ሞቶባት አገሩን ስትለቅ፣ ሽጪና የሐጅ ስንቅ ይሁንሽ ብላ ሰጠቻት። እማዬ ወደደችውና ሳትሸጠው ቀረች።»

«ቃዲውስ? አባቷ?»

«አባቷ ፍየል ነጋዴ ነበር።»

ኡሚ ከአክስታቸው ጆሮ ሥር ተነሥተው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ባሌ ቀጠለላቸው። «ታዲያ ጊንጥ ነው ያለው ማነው?»

«እማዬ ናታ። የልጅ ልጆቿ ጣቷ ላይ እየተንጠለጠሉ ሲያስቸግሯት፣ ጊንጥ አለበት ይናደፋል ትላቸው ነበር። ከሁሉ የባሰችው ይቺ ነበረች» አሉና ወደ ኡሚ ጠቆሙ።

ሻይ መጣ፤ ጠጣን። ማንም ማንንም አላየም። እኔ ሳቄን ለማፈን ብስኩት በብስኩት ላይ እጎርስ ነበር፤ ግን ከሳቁ ሥር ሌላ ነገርም ነበር፣ ደረቴን ሞቅ ያደረገ።

ወደ መካ ስንመለስ ኡሚ ከኋላ ወንበር አጠገቤ ተቀመጡ። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ ፊታቸውን ሳያዞሩ ጠየቁኝ።

«አንቺ ጃሚዓ ሳለሽ ልብስ አጣቢ ነበርሽ ወይስ ልጅ ያዥ?»

«ሁለቱንም፣ ኡሚ።»

«እሷም ሁለቱንም ነው» አሉ፤ እጄንም ያዙ።

ከዚያ ወዲህ ሠርግ ላይ ሴቶቹ መሐል ተቀምጠው ታሪኩን ራሳቸው ያወራሉ። ብቻ የአርመኗ ቤት በየሠርጉ እየሰፋ ሄደ። መጀመሪያ ግቢ ነበረው፣ ቀጥሎ የአትክልት ቦታ ወጣለት፣ በቅርቡ ደግሞ ፈረሶች ገቡበት። የባሌ እህት «ኡሚ፣ ፈረስ እኮ አልተባለም» ብትላቸው ተቆጡ።

«ልብስ አጣቢ የሚቀጥር ሰው ፈረስ ያጣል? እስቲ ይቺን ጠይቂያት፤ እሷ ታውቃለች።»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። የእኔ ማዳም ድመት እንኳ አልነበራትም።

«አያጣም» አልኩ።