ድልድዩ አፍ ላይ ማን ይቅደም

ባለፈው የካቲት፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ፣ ከእህቴ ልጅ ከብሌን ጋር ሴንትሩም፣ የኦስሎ መሐል ከተማ፣ ዕቃ ልንገዛ ወጥተን ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የወረደው በረዶ ጣሪያ ላይ እንደተከመረ ፀሐይ ወጥታበት ከተማው በሙሉ ጠብ ጠብ ይላል። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ከላይ የሚናደው በረዶ ሰው እንዳይመታ በየሕንጻው ሥር ቀይና ነጭ መከለያ ይወጠራል። ብሌን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ሰዓት የምታከብርና መንገድ መዞር የማትወድ ልጅ ናት። ባቡሩ እንዳያመልጠን ብላ መከለያውን ከፍ አድርጋ በሥሩ ልትሾልክ ጎንበስ አለች።

«ፀሐይ ወጣች እኮ፣ ታንተ! ምንም አይሆንም» አለችኝ። አክስቷን የምትጠራው በኖርዌይኛ ነው፤ ለምጄዋለሁ።

የጃኬቷን ኮፍያ ይዤ ወደ ኋላ ስጎትታት ለመውደቅ ምንም አልቀራትም። ተቆጣች። እኔም ደንግጬ ነበር፤ ያስደነገጠኝ ግን ጣሪያው ሳይሆን ንግግሯ ነው። ያንኑ ቃል፣ ያንኑ በመሰለ ቀን፣ እኔ ራሴ ተናግሬው አውቃለሁ። ያን ዕለት እሷ የስድስት ሳምንት ሕፃን ነበረች፤ ጋሪ ውስጥ ተኝታ።

«ነይ እንዙር» አልኳት። «በመንገድ አንድ ነገር እነግርሻለሁ። እስከ ዛሬ ለማንም አልነገርኩም።»

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዘጠኝ ግድም ነው። ኦስሎ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። በሥራ ቀን ቋንቋ እማራለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ለአንድ አነስተኛ ተቋራጭ እሠራለሁ። ሥራዬ ድልድይ መጠበቅ ነበር። እናቴ በስልክ «ምን ሥራ አገኘሽ?» ብላ ስትጠይቀኝ «ድልድይ እጠብቃለሁ» አልኳት። «ማን እንዳይወስደው?» አለችኝ።

ድልድዩ ከሮመን ወደ ግሮሩድ በኩል ሲሄዱ አንዲት ጠባብ ሸለቆ የሚያሻግር የእግረኛ ድልድይ ነው። መሐሉ ላይ ረጅም ምሰሶ ቆሞ ከጫፉ የብረት ገመዶች ግራና ቀኝ ወርደው ወለሉን አንጠልጥለው ይዘውታል። በሞቃቱ ወራት ሲያዩት ያምራል። ብርዱ ሲገባ ግን እርጥብ በረዶ ገመዶቹ ላይ ይለጠፍና ሌሊቱን ይጠጥራል፤ በነጋታው ሌላው ይደረብበታል፤ ሲውል ሲያድር ገመዱ የሰው ጭን ያህል ይወፍራል። ያ ሁሉ አንድ ቀን ከላይ ሲለቅ ከሥሩ ሰው ካለ... አለቃዬ ኦድቫር ይህን ሲያስረዳኝ ነገሩን አይጨርሰውም ነበር።

ኦድቫር ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረው፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። መላው ቀላል ነው። በየገመዱ ላይ ከባድ የብረት ቀለበት ተጠልቋል፤ ቀለበቱን የሚስበው ሲባጎ ምሰሶው ጫፍ ላይ ባለች መዘውር ዞሮ ወደ ታች ይመለሳል። በረዶው ገና ለስላሳ ሳለ እኛ ከታች ሆነን ሲባጎውን ስንስብና ስንለቅ ቀለበቱ ሽቅብ ቁልቁል እየተንሸራተተ ገመዱን ይጠርገዋል። የኛ ሰው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ኦድቫር ሳይሰማው ይሠራበት ነበር። አንዴ ከጠጠረ ግን ቀለበቱም አይበግረውም። ያን ጊዜ ያለው ምርጫ አንድ ብቻ ነው፤ በሁለቱም አፍ ያሉትን በሮች ዘግቶ በራሱ ጊዜ እስኪወርድ መጠበቅ።

አንድ ቅዳሜ ማታ ዝናብ ዘነበ። እዚህ አገር ከዝናብ ሁሉ ክፉው እየወረደ የሚጠጥረው ነው። እሁድ ጠዋት ስደርስ ገመዶቹ ሁሉ እንደ ጠርሙስ ያብለጨልጫሉ። ኦድቫር ደወለልኝና «እንዳትከፍቺ» አለኝ። «ሌላ ድልድይ ላይ ነኝ፤ አምስት ሰዓት ላይ እመጣለሁ። እኔ ሳልመጣ ወይም ሳልደውል ማንም አይለፍ።» እሺ አልኩ። ብርቱካንማውን የሥራ ጃኬቴን ለብሼ በሩ ላይ ቆምኩ። በዕድሜዬ ያገኘሁት የመጀመሪያው ሥልጣን ያ በር ነው፤ አልዋሽም፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ያ እሁድ ደግሞ ብሌን ጉባኤ ፊት የምትባረክበት ቀን ነው። የምንሰበሰብበት አዳራሽ ከድልድዩ ማዶ ነበር። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል እህቴ ሰናይት ጋሪውን እየገፋች ብቅ አለች፤ ከጋሪው ሥር በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ድፎ ዳቦ ተቀምጧል። አጠገቧ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሚሠሩት፣ ሁላችንንም እንደ እናት የሚመክሩን እትዬ ጽጌ አሉ። ከኋላቸው ሕፃኗን ሊባርኩ ከሩቋ ከተማ ከበርገን የመጡት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ጋሽ ኃይሉ ክራቫታቸውን በሻርፕ ሸፍነው ይራመዳሉ።

«ዘጋሽብን እንዴ?» አለች ሰናይት።

«ትንሽ ቆዩ፣ አለቃዬ እየመጣ ነው።»

«ጉባኤው ሊጀመር ነው እኮ! በታች በኩል እንዙር ብንል አርባ ደቂቃ ነው፤ የእትዬ ጽጌ ጉልበት አይችለውም።»

«ስለ እኔ አትጨነቁ» አሉ እትዬ ጽጌ፣ ጉልበታቸውን እያሹ።

ይህን ጊዜ ደመናው ተገለጠና ፀሐይ ወጣች። ለሳምንታት ያላየናት ፀሐይ ናት፤ ፊቴ ላይ ስታርፍ ልቤ ራራ። እኔ ያደግሁበት አገር በረዶ የሚወርደው ሰማይ ሲጠቁር ነው። ቆርቆሮውን ሲደበድበው ቤት ውስጥ እንቆያለን፤ ፀሐይ ስትወጣ «አለፈ» ተብሎ ሕፃን ሳይቀር ደጅ ይወጣል። ፀሐይ ማለት ለእኔ የአደጋ ማብቂያ ነበረች። ኦድቫር ሌላ ነገር ነግሮኛል፤ ጆሮዬ ሰምቶታል፣ ሌላው አካሌ ግን አላመነውም። በዚያ ላይ እህቴ ፊት «እኔ አልችልም፣ አለቃዬን ልጠይቅ» ማለት ከበደኝ።

«ፀሐይ ወጣች እኮ! ምንም አይሆንም፣ እለፉ» አልኳቸው።

ሰናይት ጠንቃቃ ናት። «አለቃሽ ፈቅዷል?» አለችኝ።

«ያ፣ ያ! ደውሎ ፈቅዷል።»

አልደወለም፣ አልፈቀደም። ውሸቱ የተጀመረው በኖርዌይኛው አዎ፣ በ«ያ» ስለሆነ ይሁን አላውቅም፣ ያን ጊዜ ውሸት አልመሰለኝም። ቁልፉን አዞርኩ። ጥግ ላይ የተከመረው በረዶ ስለያዘው በሩ ከግማሽ በላይ አልከፈት አለ፤ የሚያሳልፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ጋሽ ኃይሉ ወደ ጎን ፈቀቅ ብለው «እትዬ ጽጌ፣ ይቅደሙ» አሉ።

«እንዴት ተደርጎ! እርስዎ እንግዳ ነዎት። ይቅደሙ እንጂ።»

«እናት ቆማ ወንድ ልጅ ይቀድማል? በፍጹም!»

«እንግዲያው ሕፃን የያዘች ትቅደም» አሉ እትዬ ጽጌ። ሰናይት ደግሞ ሁለት ትልልቅ ሰው ከኋላዋ አቁማ ከምትገባ እዚያው ቢበርዳት ትመርጣለች። «ኧረ ነውር ነው! እናንተ ሳትገቡማ አይሆንም» ብላ ጋሪውን ወደ ኋላ ሳበችው። ጋሽ ኃይሉ ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው መንገዱን አሳዩ። እትዬ ጽጌ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እምቢ አሉ። ከበርገን ድረስ የመጣ እንግዳ፣ በዕድሜ የምትበልጥ እናት፣ የስድስት ሳምንት አራስ፤ ሦስቱም የሚቀድሙበት ምክንያት ነበራቸው፣ አንዳቸውም አልተጠቀሙበትም።

እኔ በሩን በትከሻዬ ደግፌ ቆሜያለሁ፣ ብረቱ ጃኬቴን አልፎ አጥንቴን ይበላኛል። በዚህ ወጋችን ድሮም አፍር ነበር። ኖርዌጂያኖቹ አውቶቡስ በር ላይ እንደዚህ ስንሆን ሲያዩን መሬት ብትውጠኝ እወድ ነበር። «በእናታችሁ ግቡ! ማንም ይቅደም ማን፣ ግቡ ብቻ!» ብዬ ጮህኩ። ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል። አጣድፋቸው የነበረው ወዴት እንደነበር እኔ አላወቅሁም።

መጀመሪያ የሰማሁት ጠብታ ነው። ቀጥሎ ገመዱ ከላይ በኩል ረዘም ያለ ድምፅ አወጣ፣ የሚቀደድ አቡጄዲ ዓይነት። ቀና ስል ከምሰሶው ጫፍ ጀምሮ ያለው በረዶ እንዳለ ተላቆ ይንሸራተታል። ከዚያ ወረደ። የሰው ቁመት የሚያህል ስባሪ ከእኛ አሥር እርምጃ የማይሞላ ቦታ ላይ ወለሉን መታው፤ ሌላው የድልድዩን መደገፊያ ብረት አጎበጠው፤ ሦስተኛው፣ አራተኛው ተከተለ፤ ከዚያ በኋላ አልቆጠርኩም። ሲያበቃ ወለሉ ከዳር እስከ ዳር በስባሪ ተሞልቶ ፀሐይዋ ላይ ያብረቀርቃል። ጋሪው ውስጥ ብሌን አፏን አንዴ አላወሰችና እንቅልፏን ቀጠለች።

መጀመሪያ የተናገሩት ጋሽ ኃይሉ ናቸው። ባርኔጣቸው አሁንም እጃቸው ላይ ነው። «እሱ ቀደመን» አሉ ቀስ ብለው።

እትዬ ጽጌ ሳቁ። ሳቃቸው ወደ ልቅሶ ዞረ፣ መልሶ ሳቅ ሆነ፤ በረዶው ላይ ተንበርክከው፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ «ተመስገን፣ ተመስገን» ይላሉ። እኔ በሩን ይዤ መላቀቅ አቃተኝ። ሰው አልሞተም። ይህችን ብቻ ነበር የማስበው፣ ሰው አልሞተም።

ኦድቫር ሲደርስ ገና ከመኪናው ሳይወርድ በጣቱ ቆጠረን፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ጋሪውን ሲያይ ወርዶ ወደ ውስጥ አጎንብሶ አምስት አለ። ከዚያ የመኪናው ደፍ ላይ ተቀመጠ። ሰናይት ድንጋጤዋ ወደ ንዴት ተለውጦ በተሰባበረ ኖርዌይኛ «ማነው ክፈቺ ያላት? አንተ አይደለህም?» ብላ አፈጠጠችበት።

ኦድቫር አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ለመናገር ሙሉ ጊዜ ሰጥቶኛል፤ አልተናገርኩም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። በሰዓቴ መድረስ ነበረብኝ» አላት። ለአሠሪዎቹ የጻፈውም ያንኑ ነው።

እትዬ ጽጌ «ምስጋናው ወደ አዳራሽ እስኪደርስ አይቆይም፣ እዚሁ ይቆረስ» ብለው ድፎውን አስወጡ። ገና ለብ ይላል፤ የጥቁር አዝሙዱና የኮባው ሽታ ብርዱ ውስጥ ተሰራጨ። እንግዳ ይቅደም ብለው ለኦድቫር ዘረጉለት። እሱ አላንገራገረም፤ ተቀብሎ በላ። እነሱ በታች በኩል ቀስ ብለው ሲሄዱ እኔን አስቀረኝና ጓንቴን አስወልቆ መዳፌን ፀሐይ የመታው ገመድ ላይ አስቀመጠው። ብረቱ ሞቋል፤ በጣቶቼ ሥር ውኃ ይንቆረቆራል። «ብርዱ ይዞት ነበር። የለቀቀችው ፀሐይዋ ናት» አለኝ። ከሥራ አላባረረኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲባጎውን ስስብ እጄ እስኪላጥ ሳብኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰናይት በብሌን ልደት ሰሞን ጉባኤው ፊት ቆማ ትመሰክራለች። እያንዳንዱን ቃል አውቀዋለሁ። «ኃላፊው ሳያጣራ ቢያስከፍትም፣ ጌታ ግን በሩ ላይ አቆመን» ትላለች። ጉባኤው «ሃሌ ሉያ» ይላል። እኔም እላለሁ፣ ምስጋናዬ የእውነት ነው። ኃላፊው የምትለው ቦታ ላይ ስትደርስ ግን ጫማዬን አያለሁ።

ይህን ተናግሬ ስጨርስ ባቡሩ ሮመን ሊደርስ ሁለት ጣቢያ ቀርቶት ነበር። ብሌን ስልኳን ከመሐል ጀምሮ ኪሷ ከታዋለች።

«እማዬ ታውቃለች?»

«ናይ፣ አታውቅም» አልኳት።

«ታንተ! ሰውየውን እኮ በየዓመቱ ነው የምትወቅሰው!»

ከጣቢያው እስከ ቤት ክንዴን ይዛ ሄደች። ሰናይት ቤት ስንደርስ በሩን በቁልፏ ከፈተችና ወደ ጎን ቆመች፤ ሁሌ እኔን ገፍታ የምትገባ ልጅ። «አንቺ ቅደሚ» አለችኝ።

«አይ፣ አንቺ ቅደሚ» ልል አፌ ተከፍቶ ነበር። መልሼ ዘጋሁትና ገባሁ።

ጃኬቴን ሳላወልቅ፣ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነገርኳት። ሰናይት ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጠች። «አልደወለልሽም ነበር?» አለች። «አልደወለም» አልኳት። ዓይኗን በክንዷ ጠረገች፤ ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ አልጠየቅኳትም። እንድትቆጣኝ ጠበቅሁ፤ በእርግጥም ትንሽ ቆየት ብላ ተቆጣችኝ፣ እንደ ታላቅ እህት፣ ከነስሜ። ያ ሁሉ ቁጣ ሲወርድብኝ ትከሻዬ እየቀለለኝ ሄደ። አሥራ ሰባት ዓመት ተሸክሜው እንደነበር ያወቅሁት ሲወርድልኝ ነው።

«ጉባኤ ፊት ስሙን ሳጠፋው የኖርኩት ሰው በሕይወት አለ?» አለች በመጨረሻ።

«አለ። ገና በመጣ ቁጥር ካርድ እልክለታለሁ።»

እጇን ታጥባ «ድፎ ጋግረን እንሂድለት» ብላ ዱቄቱን ከመደርደሪያ አወረደች። ስለ እርሾው ብዛት መከራከር ስንጀምር ብሌን በመካከላችን ገባች። «ይቅርታ ግን፣ ሰውየው በር ላይ ስንደርስ ማን ይቅደም እያላችሁ ብርድ ላይ እንዳታቆሙኝ» አለች።

«አትስጊ» አልኳት። «የዚያን ቀን እኔ እቀድማለሁ።»