ቀጥቃጩ የነገሠ ዕለት

ኢቴል ብረት ቀጥቃጭ ነበር። በሰሜን ዌልስ፣ ከሰር ማይሪግ ሰፊ ርስት ጥግ የራሱ ቁራሽ መሬት ስለነበረችው መሬት ላለው ብቻ በሚፈቀደው ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት አለው። ፓርላማ ለመግባት ያሰቡት ሰር ማይሪግም በደጁ ባለፉ ቁጥር ፈረሳቸውን አቁመው ሰላም ይሉታል። እሱ "እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ" ብሎ ወደ መዶሻው ይመለሳል እንጂ ቃል አይሰጥም።

ሰር ማይሪግ ከፖለቲካው ሌላ የቴአትር ፍቅር ነበራቸው። ሠዓሊና በገና ደርዳሪ ከቤታቸው አይታጣም፤ በአሮጌው ጎተራም መድረክ አሠርተዋል። ምርጫው ሲቃረብ ላዘጋጁት ተውኔት ንጉሥ የሚሆን ግዙፍ ሰው ጠፋና ኢቴልን አስጠሩት። እሳቸው ራሳቸው የንጉሡ አሽከር ሊሆኑ ነው፤ ሰው ማሳቅ ነፍሳቸው ነው።

ሚስቱ ሌይኪ ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች። "አንተ ንጉሥ? እዚህ ቤት እንኳ መች ነገሥክና!"

በዕለቱ ጎተራው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ፤ መኳንንቱ ከፊት፣ ገበሬው ከኋላ። ኢቴል ዘውዱን ደፍቶ ዙፋኑ ላይ ሲቀመጥ ያጠናው ቃል ሁሉ ብን ብሎ ጠፋበት። ላብ አጠመቀው። ሰር ማይሪግ እግሩ ሥር ተንበርክከው "እዘዘኝ እንጂ! የመጣልህን እዘዘኝ!" ብለው አንሾካሾኩለት።

ኢቴል ጉሮሮውን ጠረገ። "አንተ ሰነፍ! የወንዙ ድልድይ ከፈረሰ ስንት ጊዜው? ሴቶቹ ወተት ተሸክመው በውሃ ውስጥ ሲሻገሩ አታይም? መቼ ነው የምትሠራው?"

ከኋላ የሌይኪ ሳቅ ፈነዳ፤ ሰዉም ተከተላት። ሰር ማይሪግ ፊታቸው ቀላ፤ ተዋናይነታቸው ግን አሸነፈ።

"ማሩኝ ግርማዊ ሆይ! ድንጋዩ በዚህ ሳምንት ይመጣል!"

"ማል!"

"በጢምዎ እምላለሁ!"

በዚያ ሁሉ መራጭ ፊት የተማለ መሐላ ወዴት ይሸሻል? ጠዋት ሰር ማይሪግ ወርክሾፑ ደጅ ቆሙ። ኢቴል ቁጣ ሲጠብቅ፣ "ብረቱን አንተ ትቀጠቅጣለህ፤ በደህና ዋጋ" ብለውት ሄዱ።

ድልድዩ ከምርጫው በፊት አለቀ። በምርጫው ቀን፣ ድምፅ በአፍ ይሰጥ ነበርና፣ ኢቴል በአደባባይ ድምፁን ከፍ አድርጎ "ሰር ማይሪግ!" አለ።

"ተገዛህ!" ብሎ ጮኸበት አንድ የሰር ማይሪግ ተቀናቃኝ ደጋፊ።

"አዎ፣ በድልድይ! ያንተ ሰውዬ በምን ገዛህ?"

በዓመቱ ሰር ማይሪግ ለአዲስ ተውኔት መጡ።

"ዘንድሮስ ምን ልሁን፣ ጌታዬ?"

"ዛፍ። ዛፍ አይናገርም።"

ኢቴል ሳቀና እሺ አለ። ቅጠሉን ሌይኪ ራሷ ሰፋችለት።