ቆርቆሮና ጌሾ ያፈኑት አጥር

በጓሮዬና በጎረቤቴ ግቢ መካከል ያለውን የእንጨት አጥር ያቆመው ሟች ባለቤቴ ነው። ቋሚዎቹ አብዛኞቹ ጽድ ናቸው፤ በመካከላቸው የተደረደረው ባሕር ዛፍ። በእኛ ሰፈር የአጥር ባለቤት የሚታወቀው በማገሩ ነው። ማገሩ ወደ ማን ግቢ እንደተመታ ይታያል፤ ለስላሳው ፊት ለጎረቤት ይሰጣል። ማገሩ ወደ እኔ ነው። ስለዚህ አጥሩ የእኔ ነው፣ ድካሙም የእኔ። በዚህ ተከራክሬ አላውቅም።

ነገሩ የተነሳው ባለፈው በጋ ነው። ጎረቤቴ አራት ኪሎ ቢሮ የሚሠራ ወጣት ነው። ቤቱን የወረሰው ከእናቱ ነው፤ እናቱ የወሎ ሴት ነበረች፣ የእኔም ወዳጅ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት መጣና በሬ ላይ ቆሞ፣

«እማማ፣ ይሄን አጥር አንስተን በብሎኬት እንገንባው፤ ወጪው በእኔ» አለኝ።

«መሠረቱ የት ሊያርፍ ነው?»

«ያው ትንሽ ወደ እርስዎ ይገባል። በእኔ በኩል ወጥ ቤቱ አለ፣ አያስኬደኝም።»

ትንሽ ያለውን በእግሩ እየረገጠ አሳየኝ። የጌሾ መደቤንና ልብስ የማሰጣበትን ቦታ ይዞት ሄደ። ጓሮዬ ከዚያ ሌላ ምን አለው?

«አልሰጥም» አልኩት።

«ልጆቼ ላይ ቢወድቅስ?»

በዚህኛው እውነቱን ነው። የእድራችንን ዳኛ ጠራን። ሽማግሌው አጥሩን ገፋ ገፋ አደረጉና ፈረዱ፤ ክረምቱን ያለ ድጋፍ ከቆመ ይቆያል፣ ካልቆመ ብሎኬቱ ይገንባ፣ እኔም መሬቱን ልልቀቅ። ሁለታችንም እሺ አልን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሬ አላረፈም። ቁጭ ስል ያቁነጠንጠኛል። ምግብ ቀርቦልኝ ተነስቼ አጥሩን አይቼ እመለሳለሁ። ልጄ ደውላ፣ «እማዬ፣ ሰፈሩ በየአቅጣጫው እየፈረሰ አንቺ አጥር ታስታምሚያለሽ?» ትለኛለች።

«አፍራሾቹ እኔ ጋ እስኪደርሱ ድረስ ያስፈልገኛል» እላታለሁ።

ቢላ ይዤ ከቋሚ ወደ ቋሚ ሄድኩ። እንጨት የሚበሰብሰው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነው፤ አፈርና አየር በሚገናኙበት። የቢላው ጫፍ አልገባ ካለ እንጨቱ ጤነኛ ነው፤ እንደ ዳቦ ከገባለት አልቆለታል። ጽዶቹ ቢላዬን መለሱት። ባሕር ዛፎቹ ግን አስገቡት፤ የባሰው ደግሞ ቆርቆሮ ባለበት በኩል ነበር።

ቆርቆሮው የጎረቤቴ ሥራ ነው። እናቱ ከሞተች በኋላ፣ ግቢው እንዲያምርለት ብሎ፣ በእሱ በኩል ያለውን ፊት ከላይ እስከ ታች አልብሶታል። የከተማችን ሰው እንዲህ ነው፤ ቆርቆሮ የለበሰ እንጨት የተጠበቀ ይመስለዋል። ዝናቡ ከላይ ይገባና መውጫ ያጣል፣ እንጨቱም በውስጥ ሲያልበው ይኖራል። አንዱን ጠርዝ ገለጥ ባደርገው እንጉዳይ አብቅሏል።

ሄጄ አንኳኳሁ። «ቆርቆሮህን አንሳ።»

«እማማ፣ እኔ እኮ አጥሩን ልጠብቅልዎ ብዬ ነው።»

«ሰው ቢሆን ኖሮ በአንተ ጥበቃ ይሄኔ ቀብረነዋል።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «የእርስዎ ጌሾስ? እኔ ከወዲህ ቆርቆሮ አለበስኩት፣ እርስዎ ከወዲያ ጌሾ ጫኑበት። ማናችን ነን ያፈንነው?» አለኝ።

ወደ ጓሮዬ ተመለስኩ። ጥርሴን ነክሼ ጌሾውን ገለጥ አደረግኩና ቢላዬን ሰደድኩ። እስከ እጀታው ገባ። ቅጠሉ ጥቅጥቅ ብሎ ፀሐይ ከልክሎታል፤ የማጠጣውም ውሃ እንጨቱ እግር ላይ ተኝቷል። ቁጭ ብዬ ትንሽ አሰብኩ፤ ብዙ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ከአጥሩ የተጠጋውን ረድፍ በሙሉ ነቀልኩና በክንዴ ታቅፌ ወስጄ በሩ ላይ ዘረገፍኩት።

«የእኔ ይኸው። ያንተስ?»

በማግስቱ ከሥራ ሲመለስ ከረባቱን እንኳ ሳይፈታ ቆርቆሮውን ይነቅል ጀመር።

ከዚያ ሥራው የእኔ ነበር። ከቋሚዎቹ እግር የተከመረውን አፈር ጠረግኩ፣ ውሃ እንዳይተኛበት ጠጠር ሞላሁ። የበሰበሱትን አስወጥቼ በሌላ ተካሁ፤ የአዲሶቹን እግር ሳልቀብረው በፊት በእሳት ለብለብ አደረግኩት። ምስጥ እንዳይበላው ደግሞ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ስለሚያስፈልገኝ ጀሪካን ይዤ ጋራዥ ወረድኩ።

«እናት፣ መኪና ገዙ እንዴ?» አለኝ መካኒኩ።

«ገዝቻለሁ። እግሩ ስለተቀበረ ግን አይነዳም።»

«እሰይ፣ ትራፊክ አያስቆምዎትም» ብሎ ሞላልኝ።

ዘይቱ ግን ወዲያው አይቀባም። እርጥብ እንጨት ላይ ከተቀባ እርጥበቱን ውስጥ ዘግቶበት ያበሰብሰዋል። ፀሐይ እስኪያደርቀው መጠበቅ ነበረብኝ፤ ከሥራው ሁሉ የከበደኝ ያ ነው። ጠዋት እነካዋለሁ፣ ከሰዓት እነካዋለሁ። ደመና ባየሁ ቁጥር ከሰማዩ ጋር እጣላለሁ። ሲደርቅ በአሮጌ ጨርቅ ቀባሁት፣ ወደ አፈሩ እንዳይንጠባጠብ እየተጠነቀቅኩ፣ እስኪጠጣ ጠብቄ ደገምኩት።

ክረምቱ ገባ። ሐምሌ በደህና አለፈ። ነሐሴ ላይ ጥግ ያለው ቋሚ፣ ከጽዶቹ ጋር የተቀላቀለ አንድ ባሕር ዛፍ፣ ጎርፍ እግሩን አጥቦት ዘመም አለ። እጄ ከሐሳቤ ቀደመና ባላ አስደገፍኩት። ቀና አለ። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ጭራሽ ሰላም አጣሁ። ያለ ድጋፍ ተብሏል፤ እኔም እሺ ብያለሁ።

መስከረም ሲጠባ ዳኛውና ጎረቤቴ መጡ። ሽማግሌው አጥሩን እየገፉ ሄዱ። «ቆሟል» አሉ። «ይሄም ቆሟል።» ጥጉ ጋ ልብስ አስጥቼ ነበር፤ ባላው አይታይም። እሳቸውም ሊመለሱ ፊታቸውን አዞሩ።

«ይቆዩ» አልኳቸው። ልብሱን ሰብስቤ ባላውን አሳየኋቸውና ነቀልኩት። ቋሚው ሲጥ አለ፣ ወደ እኔ አዘነበለ፣ ዳኛው በጣታቸው ቢነኩት እንደሚነቃነቅ ጥርስ ተወዛወዘ።

«እማማ፣ ዝም ቢሉ እኮ አናይም ነበር» አለኝ ጎረቤቴ።

«እኔ አየዋለሁ።»

ዳኛው ፂማቸውን እየደባበሱ እሱን ተመለከቱት። እንደ ቃላችን ከሆነ መደቡ ሁሉ የእሱ ነው። እሱም ያውቃል። አጥሩን ከዳር እስከ ዳር አየ፣ ከዚያ ጥጉን አየ።

«ልጆቼ የሚጫወቱት እዚህ ጥግ ነው» አለ። «ብሎኬቱ እዚህ ብቻ ይግባ። ሌላው ቆሟል።»

«ጥጉን ወስደሃል» አልኩት። «ምርቃት አልጨምርልህም።»

ግንበኛው ሲባጎውን በወጠረበት ቀን ከአጠገቡ አልራቅኩም። ሲባጎው አንድ ጣት ወደ እኔ ሲያልፍ አስመለስኩት። ሊያካክስልኝ ብሎ አንድ ጣት ወደ ጎረቤቴ ሲያሳልፈውም አስመለስኩት።